ስለ ብስክሌት መንገድና በእጅ ስልክ ስለሚታይ ካርታ

በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ ያገኘውን እረኛ እየጠየቀ ይሄዳል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን ፈጥኖ ስለሚያልፍ መንገዱን ሳይነሣ ማወቅ ይገባዋል። ቁልቁለቱን ወርዶ ከጨረሰ በኋላ መሳሳቱን ቢያውቅ የወረደውን ሁሉ መልሶ መውጣት ግድ ይሆንበታል፤ ውሃው አልቆ ፀሐይም ጠልቃበት እንደ ሆነ፥ ነገሩ ከድካም አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ ይሆናል። በዛሬ ዘመን መንገድ የሚመርጡ መተግበሪያዎች በእጅ ስልክ ይገኛሉ። ስለ እነርሱ አስተማሪ ለተማሪው፥ ሽማግሌም ለልጁ ሊነግረው የሚገባው ዋና ነገር፥ መሣሪያው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ መሆኑን ነው።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ

መተግበሪያው ሦስት ነገሮችን ያስተባብራል። አንደኛው ሰውየው ያለበትን ስፍራ ማወቅ ነው። ስልኩ ከምድር በላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል፤ ቢያንስ የአራቱ ምልክት ሲደርሰው ስፍራውን ያሰላል። ለዚህ ሥራ የስልክ መሥመር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ካርታው ነው። ኮሙትን የመሰሉ ብዙ የብስክሌት መተግበሪያዎች የሚጠቀሙት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በእንግሊዝ አገር በተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው ካርታ ነው። ይህንንም ካርታ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይሞሉታል።

ሦስተኛው ስሌቱ ነው። ሆላንዳዊው ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 አጭሩን መንገድ በስሌት የሚያስገኝ ዘዴ አሳተመ። በእንዲህ ያለው ዘዴ ለእያንዳንዱ የመንገድ ቁራጭ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ዳገቱና ድንጋያማው ዋጋው ከፍ ይላል፥ ለስላሳው ዝቅ ይላል፤ ድምሩ ያነሰውም መንገድ ይመረጣል። ስለዚህ ነጂው አስቀድሞ ብስክሌቱ ባለ ቀጭን ጎማ የአስፋልት፥ ወይም ባለ ወፍራም ጎማ የተራራ መሆኑን ለመተግበሪያው በትክክል ማስታወቅ አለበት።

በአስፋልት መንገድ፥ የዓባይ በረሃ ምሳሌ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱን ብቻ ያየ ሰው በቀላሉ የሚፈጸም ይመስለዋል። ከፍታውን የሚያሳየውን ሥዕል ሲመለከት ግን፥ መንገዱ ከደጋው እስከ ዓባይ ድልድይ 1,300 ሜትር ያህል ወርዶ፥ ወደ ደጀን ይህንኑ ያህል እንደሚወጣ ያያል። አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሳይ፤ 1,300 ሜትር ለ20 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በየኪሎ ሜትሩ 65 ሜትር መውጣት ነው። ነጂው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ዳገቱ ብቻውን ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ማልዶ መነሣት፥ ውሃን ከደጋው መያዝ፥ ፍሬንንም ከቁልቁለቱ በፊት መመርመር ያስፈልጋል።

ከአስፋልት ውጭ

በዱርና በእርሻ መካከል ባለው መንገድ የመሣሪያው ዕውቀት ያንሳል። ስለ ምድር ከፍታ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ልክ በየካቲት 2000 ኢንደቨር ከተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የተወሰደ ሲሆን፥ የአንዱ ነጥብ ከሌላው ርቀት 30 ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ ያለ ጠባብ ገደል ላይታይ ይችላል። ደግሞም በካርታው ላይ አንድ ቀጭን መሥመር ሆኖ የሚታየው፥ በበጋ የደረቀ መንገድ፥ በክረምት ጎማ የሚይዝ ዋልካ ሊሆን ይችላል። በጥር በእግር የሚሻገሩት ወንዝ በነሐሴ ሰው ይወስዳል። ይህን የሚያውቁ የአገሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ነጂው የተመረጠለትን መሥመር ይዞ፥ «በዚህ በኩል በዚህ ወር ብስክሌት ያልፋልን?» ብሎ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ።

ሳይነሡ የሚደረግ ጥንቃቄ

ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ማኖር፤ ባትሪውን መሙላት፤ ባትሪው ቢያልቅ የሚያልፍባቸውን መንደሮች ስም በወረቀት ጽፎ መያዝ፤ በየት በኩል ሄዶ መቼ እንደሚመለስ ለቤተ ሰብ መንገር።

የትምህርት ቤት ድርሻ

ይህ ካርታ ለሁሉ የተከፈተ ስለ ሆነ አስተማሪና ተማሪዎች በመንደራቸው ያለውን ምንጭ፥ መልካና የመንገዱን ዓይነት ሊያስገቡበት ይችላሉ። ነገር ግን በዓይናቸው አይተው ያረጋገጡትን ብቻ ያስገቡ፤ ከሌላ ካርታም አይገልብጡ። ሽማግሌው የሚያውቀው መልካ በካርታው ላይ በትክክል ቢመዘገብ፥ መንደሩን ፈጽሞ የማያውቅ እንግዳ በሰላም ይሻገራል፤ በስሕተት ቢመዘገብ ግን ያው እንግዳ አምኖ ይገባበታል።

ጥያቄ

1. ስልኩ ስፍራውን ለማወቅ ቢያንስ የስንት ሳተላይት ምልክት ያስፈልገዋል?
2. አንድ ዳገት በ8 ኪሎ ሜትር 400 ሜትር ቢወጣ፥ በየኪሎ ሜትሩ ስንት ሜትር ይሆናል?
3. በመንደራችሁ በበጋ ብቻ የሚያስኬድ መንገድ የትኛው ነው? ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ።