ስልኩ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ይቋረጣል

ጥያቄ፦ የቤታችን ዋይፋይ በስልክ ደህና ነው፤ ዴስክቶፑ ላይ ግን በየመሃሉ ይቋረጣል። መስመሩ ይሆን የተበላሸው?

መልስ፦ ጠያቂው ሳያውቁት የምርመራውን ግማሽ ጨርሰውታል። ስልኩ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዋይፋይ ከሠራ መስመሩ ከጥርጣሬ ይወጣል። ሲሞከር ታዲያ የሞባይል ዳታው ይጥፋ፤ ዋይፋዩ ሲከዳው ስልኩ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ዳታ ይሻገራልና።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነው። በኬብል ካልተቋረጠ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው።

ዊንዶውስ እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ጠባይ አለው፦ ኃይል ለመቆጠብ ሲል የዋይፋይ ካርዱን ያጠፋዋል። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ካርዱን መርጦ፣ «ፓወር ማኔጅመንት» ከሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት ይበቃል። ገጹ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አይገኝም።

የአይፒ አድራሻው በ169.254 ከጀመረስ? ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ሁለቱንም አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የሚቋረጠው ምግብ ሲሞቅ ከሆነ ማይክሮዌቩ ይጠርጠር። እንደ ብዙው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። 5 ጊጋኸርዝ ከዚህ ይገላግላል፣ ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ደካማ ነው። የጎረቤት ራውተር በበዛበት ኮንዶሚኒየም ደግሞ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1፣ 6 እና 11 ቻናሎች ብዙ ያልተጨናነቀውን መምረጥ ያዋጣል።