መተማን እንደ እንግዳ

ወጣቷ ገንዳ ውኃ ከተማ በባንክ የምትሠራ ደገኛ ናት። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጊዜው ኅዳር ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ይጨንቀኛል። ጎንደር ወጣ ብዬ እንዳልመለስ መንገዱ አያስተማምንም። ቢያስተማምንም ሁለቱ ቀን መኪና ላይ ያልቃል። እዚህ ደግሞ ከሙቀትና ከሰሊጥ በቀር ምን አለ?

አዛውንቱ፦ የዕጣን ዛፍ ሲደማ አይተሻል?

ወጣቷ፦ ዕጣኑን ነው የማውቀው፣ ቡና ሲፈላ።

አዛውንቱ፦ ሽንፋ ወንዝስ? ለመድረቅ የቆመው የሰሊጥ ነዶ፣ ሂላው፣ ሲራገፍስ?

ወጣቷ፦ ኧረ የለም። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ነኝ።

አዛውንቱ፦ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ቆላው ገንዘብ ተሠርቶበት የሚወጣበት አገር ተደርጎ ነው የሚታየው። የወቅት ሠራተኛው፣ ሳሉጉ፣ ለአረምና ለአጨዳ ይመጣል፣ ይሄዳል። ነጋዴው ጭኖ ይሄዳል። የመንግሥት ሠራተኛው ዝውውር እየጠበቀ ሻንጣውን ሳይፈታ ይከርማል። እኛ እዚሁ የከረምነውም ብንሆን እንግዳ ሲመጣብን «ምን የሚታይ አለ ብለህ ነው?» እንላለን። ጉብኝት ማለት ፋሲል ግንብ ፊት ቆሞ ፎቶ መነሣት ይመስለናል። እንግዳ ከእኛ የሚሻለው መጠየቅ ስለማያፍር ነው። አንቺም ሁለት ቀን እንደ እንግዳ ጠይቂ።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ቅዳሜን ከየት ልጀምር?

አዛውንቱ፦ ከመተማ ዮሐንስ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በመጀመሪያ ግን መንገዱን ጠይቂ። ሹፌሮቹም፣ የከተማው አስተዳደርም ያውቁታል። «ዛሬ አይሆንም» ካሉሽ አይሆንም ነው፣ አትከራከሪ፤ ገንዳ ውኃን ራሷን ታይያለሽ። ከተሳካልሽ ማለዳ ውጪ። ይህ ወር ጥሩ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደገኛ ይቅርና እኛም ጥላ እንፈልጋለን። በክረምት ደግሞ ዋልካው እግር ይዞ አይለቅም።

ወጣቷ፦ ደርሼስ ምን አያለሁ? ድንበር ነው፣ ኬላ ነው።

አዛውንቱ፦ ከተማዋ የማንን ስም እንደያዘች ታውቂያለሽ?

ወጣቷ፦ የአፄ ዮሐንስን። ትምህርት ቤት ተምረናል።

አዛውንቱ፦ ተምረሻል፤ ቦታው ላይ ቆመሽ ግን አላሰብሽውም። ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸውን ይዘው እዚህ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዘኪ ቱማል የሚመራው ጦር በእሾህ አጥር ውስጥ መሽጎ ጠበቃቸው። የእኛ ሰዎች አጥሩን ጥሰው ገብተው ነበር፤ ውጊያው ወደ ድል ሲያዘነብል ንጉሡ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ጦሩ ተበተነ። ንጉሡ በማግሥቱ አረፉ። አስከሬናቸውን የያዙት ወደ አትባራ ወንዝ በኩል ሲያፈገፍጉ ተደረሰባቸው፤ ሽማግሌው አጎታቸው ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲጠብቁ ወደቁ። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ ወደ ሸዋ፣ ወደ ምኒልክ ሄደ። የአገሪቱ ታሪክ የተጠማዘዘበት ሜዳ ላይ ሰው ሻይ እየጠጣ የሰሊጥ ዋጋ ያወራል። ማውራቱ ነውር የለውም፤ አለማወቁ ነው ነውሩ።

ወጣቷ፦ ከዚያ በፊትስ ከተማዋ ምን ነበረች?

አዛውንቱ፦ ገበያ። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ የሚሄዱ ሐጃጆች በዚህ ያልፉ ነበር። ከእነርሱ የቀሩት፣ ተክሩር የሚባሉት፣ እዚህ ሰፍረው ገበያውን ያዙ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ሲመጣ ያገኛቸው እነርሱን ነው፤ ለሐበሻም ለግብፅም ግብር ይከፍሉ ነበር። ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ ይሸጥ ነበር። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ትተን ሌላውን ብቻ ብንተርክ ታሪክ አይሆንም። ተጓዡ ጄምስ ብሩስም ከጎንደር ወደ ስናር የሄደው በዚሁ፣ ራስ ኤል ፊል በሚባለው አገር በኩል ነው።

ወጣቷ፦ ጣሊያንስ እዚህ ደርሶ ነበር?

አዛውንቱ፦ ደርሶ ነበር እንጂ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ከድንበሩ ማዶ ካለችው ከጋላባት በኩል መታው። ጋላባትን ያዘ፣ መተማን ግን መያዝ አቃተው። አዛዡ ኋላ በበርማ ስሙ የገነነው ዊልያም ስሊም ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ጥር ላይ ሲለቅ የጎንደርን መንገድ ፈንጂ ቀበረበት። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል ሕንዳዊ መኮንን 15 የፈንጂ ቀጠናዎችን አጽድቶ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ኒሻን ያገኘ የመጀመሪያው ሕንዳዊ እርሱ ነው። አንቺ በባጃጅ የምትሄጅበት መንገድ ሕንድ አገር በወታደር ታሪክ ይታወቃል።

ወጣቷ፦ ኬላው ጋ ፎቶ ባነሣስ?

አዛውንቱ፦ አታንሺ። ኬላም፣ ወታደርም፣ ጉምሩክም አይነሣም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በዚህ የገቡ ሰዎች አሉ፤ እነርሱንም በካሜራ አታስጨንቂያቸው። ሻይ ቤት ተቀመጪ፣ ከርከዴ አዘዢ፣ ፉል ብዪ። ወይካ የሚባለውን የባሚያ ወጥ በገንፎ የሚያቀርብ ቤት ካገኘሽ እርሱን አትለፊው። ቀትሩን እዚያው ጥላ ሥር አሳልፊው። ሳይመሽ ተመለሺ።

ወጣቷ፦ እሑድስ?

አዛውንቱ፦ እሑድ ዕጣን። ዕጣን ለቃሚዎች ወደሚሠሩበት ዱር ሰው ይዘሽ በማለዳ ግቢ። ከጥቅምት ጀምሮ ክረምት እስኪቃረብ የዛፉን ቅርፊት ሚንጋፍ በሚባል መሣሪያ ይፍቁታል። ነጭ ፈሳሽ ይወጣና ይደርቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ይለቅሙና ያንኑ ቁስል ሰፋ አድርገው ደግመው ይፍቃሉ። አንድ ዛፍ ስንት ቦታ እንደቆሰለ ቁጠሪ። በ2004 ዓ.ም. የወጣ በመተማ የተሠራ ጥናት በዚያ አካሄድ ከቀጠለ ምርቱ በ15 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፣ ዛፉም በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 90 እጁ ያልቃል ብሏል። ጥናቱ መፋቁን ዋና ምክንያት አላደረገውም። ቃጠሎና ከብት ችግኙን አያሳድጉትም፤ ትልልቁን ደግሞ ጥንዚዛ ይገድለዋል። ዱር ስትገቢ ጎልማሳ ዛፍ እንጂ የእግር ጣት የሚያህል ቀጭን ዛፍ ብዙም እንደማይገኝ ራስሽ ታይዋለሽ።

ወጣቷ፦ ይህንስ አላውቅም ነበር። ወንዙንስ ለምን ጠየቁኝ?

አዛውንቱ፦ ሽንፋ በበጋ ይቆራረጣል፤ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፣ ዓሣው እዚያ ይታጎራል። ከ74 ሺህ ዓመት በፊትም እንደዚሁ ነበር። በዚያው ወንዝ ዳር ሰዎች ሰፍረው ዓሣ ይይዙ፣ ሚዳቋ ያድኑ፣ የሰጎን እንቁላል ይበሉ እንደነበር በቁፋሮ ተገኝቷል። ጥናቱን የመራው አሜሪካዊው ጆን ካፕልማን ሲሆን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጣ። የሚገርመው በዚያው አፈር ውስጥ ኢንዶኔዥያ ካለው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ ተገኝቷል። ያ ፍንዳታ ሰውን ሊያጠፋው ደርሶ ነበር የሚሉ አሉ፤ የሽንፋ ሰዎች ግን ድርቁን ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተከተሉ፣ ዓሣ አብዝተው እየበሉ አለፉት። ከድንጋይ የሠሯቸው ትንንሽ ሾሎች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀርም ተብሏል። ከሆኑ ከቀደሙት የቀስት ማስረጃዎች ውስጥ ናቸው። ድንጋይ ብታገኚ ግን አታንሺ፣ እዚያው ተይው።

ወጣቷ፦ አላጥሽ ፓርክስ? ሁሉም አንበሳ አለ ይላል።

አዛውንቱ፦ አለ። በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ተረጋግጧል። ፓርኩ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ፣ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚገናኝ ነው። ለሁለት ቀን ግን አይሆንም፤ ቋራ ወርዶ ገለጎ ለመድረስ ብቻ ያልቃል። ጸጥታው ሲረጋ፣ ፈቃድና ጠባቂ ይዘሽ፣ የዓመት ፈቃድሽን አውጥተሽ ሂጂ። ያኔ የካሳ ኃይሉን፣ የአፄ ቴዎድሮስን አገርም ታያለሽ።

ወጣቷ፦ የምፈራው በሽታውን ነው።

አዛውንቱ፦ መፍራትሽ ትክክል ነው። ለወባው አጎበር አለ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ታድራለች፤ የምትናከሰው ሌሊት ነው። ስለዚህ ግራር ሥር መሬት ላይ አትተኚ፣ ሳይመሽ ግቢ። ትኩሳት ይዞሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ «ወባ ነው» ብለሽ በክኒን ብቻ አትቀመጪ፤ የካላዛር ምርመራ አድርጉልኝ በይ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማከሚያ ማዕከል አለ።

ወጣቷ፦ ዱር የሚያገባኝንስ ከየት አገኛለሁ? አስጎብኚ የሚባል እዚህ አላየሁም።

አዛውንቱ፦ ዕጣን የሚለቅም ልጅ ጠይቂ። ከእርሱ የሚበልጥ አስጎብኚ የለም።

ወጣቷ፦ ስንት ልክፈለው?

አዛውንቱ፦ በቀን ሥራ የሚያገኘውን ጠይቂና ከዚያ አታሳንሺ። ለአንቺ ብሎ ሥራውን ትቶ ነው የሚውለው።