ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ የደም ማቆሚያ ዕቃ ከወገብዎ አይለይ

ይህ የሥልጠና ጽሑፍ የተዘጋጀው በእስቴ ወረዳ፣ በመካነ ኢየሱስና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ባሕር ዛፍ ለሚቆርጡ፣ ለሚልጡና ለሚያጓጉዙ አርሶ አደሮች ነው። የራስዎን ዛፍ ቢቆርጡም፣ በወንፈል ወይም በደቦ ለጎረቤት ቢያግዙም፣ ዛፉን በቁሙ ለገዛ ነጋዴ በቀን ሥራ ቢሰማሩም ትምህርቱ ያው ነው።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የማገዶ፣ የቤት መሥሪያና የገንዘብ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ስለ ችግኙ፣ ስለ ተከላ ርቀቱ፣ ከእህል ማሳና ከምንጭ መራቅ እንዳለበት ብዙ ሥልጠና ተሰጥቷል። ዛፉን ስለሚቆርጠው ሰው ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ዛሬ የምንማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥረቢያ ወይም መጋዝ ሰው ላይ ሲያርፍ የሚፈሰውን ደም እዚያው በቦታው ማቆም።

ጊዜው ለምን አጭር ሆነ?

አንድ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። በቤትዎ ያለችውን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ያስቡ። ከእርሷ 2 ሊትር ያህል በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ሰውዬው ለሞት ተቃርቧል። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ከተቆረጠ ሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊሞት ይችላል።

አሁን ደግሞ መንገዱን ያስቡ። ባሕር ዛፋችን ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለእርሻ በማይመች ቦታ ነው፤ በገደል አፋፍ፣ በሸለቆ፣ በተቦረቦረ መሬት። ከዚያ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከመንገድ እስከ ጤና ጣቢያ ወይም እስከ መካነ ኢየሱስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ በሪፈር እስከ ደብረ ታቦር ነው። አምቡላንስ ቢጠራ እንኳ ሸለቆ ውስጥ አይገባም፤ ስልኩም ኔትወርክ የሚያገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን መስፋት፣ ደም መስጠት ይችላል። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ግን ሐኪም አይደርስባቸውም። በእነዚያ ደቂቃዎች አጠገቡ ያለው ሰው እርስዎ ነዎት፤ ወይም ደግሞ የቆሰሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ጉዳቱ የሚደርሰው የት ላይ ነው?

በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው በመጥረቢያ የሚቆስለው አብዛኛውን ጊዜ ግራ እግሩን ነው፤ አገዳውን ወይም የእግሩን ጀርባ። መጥረቢያው ግንዱን ስቶ ወይም በእርጥብ ቅርፊት ላይ ተንሸራቶ ወደ ቆራጩ ይመጣል። ቅርፊት ሲልጡ አደጋው ይብሳል፤ ግንዱን በእግር ረግጠው ስለታሙን ወደ ራስ ማምጣት የተለመደ ነውና። ቅርንጫፍ በገጀራ ሲመለምሉ የሚጎዳው ደግሞ ቅርንጫፉን የያዘው እጅ ነው። በደቦ ጊዜ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ሰው ተጠጋግቶ ስለሚቆርጥ ከእጀታው የወለቀ መጥረቢያ ጎረቤትን ያገኛል።

የሞተር መጋዝ ከሁሉም የከፋ ነው። የመጋዙ አፍንጫ እንጨት ሲነካ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስፈነጠራል፤ ትከሻን፣ አንገትን ወይም ፊትን ይመታል። ጭንንና ጉልበትንም ይቆርጣል። የመጋዝ ቁስል እንደ መጥረቢያ ንጹሕ መስመር አይደለም፤ ሥጋውን ቀዶ ይቦጫጭቀዋል። በደንብ ማጭቅና መጫን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ምን ይያዙ? የት ይያዙት?

ዋናው ነገር ቦታው ነው። ዕቃውን ከምሳ አገልግልዎ ጋር ዛፍ ሥር ካስቀመጡት አልያዙትም ማለት ነው። ዛፍ ወድቆብዎት ወይም እግርዎ ተቆርጦ 20 ሜትር መራመድ አይችሉም። ስለዚህ በወገብዎ፣ ሁለቱም እጆችዎ በሚደርሱበት ቦታ ይታሰር። ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍተው በቀበቶዎ ላይ ማንጠልጠል በቂ ነው።

በከረጢቱ ውስጥ የሚከተሉት ይኑሩ፦ ከፋርማሲ የተገዛ ጎዝና ሁለት ጥቅል ፋሻ፤ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ፣ በንጹሕ ፌስታል የተጠቀለለ የነጠላ ቁራጭ፤ ወርዱ አራት ጣት የሚሆን፣ ርዝመቱ ጭንን ሁለት ጊዜ የሚዞር ጠንካራ ማሰሪያ፤ አንድ ስንዝር የሚሆን የማይሰበር የወይራ እንጨት፤ ጓንት፤ እስክሪብቶ። ጓንት ካላገኙ ሁለት ንጹሕ ፌስታል እጅዎን ከሌላው ሰው ደም ይጠብቅልዎታል።

ለማሰሪያው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእናቶች መቀነት በአራት ጣት ወርድ ከታጠፈ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲታሰር አይላላም። በውጭ አገር ለወታደርና ለአምቡላንስ ሠራተኛ የሚሠራው ቱርኒኬት የሚባለው ዕቃም ቢሆን ያው ሰፊ ማሰሪያና ማጠማዘዣ እንጨት ነው። በእንጨት አጠማዝዞ ደም የማቆሙ ዘዴ የተጀመረው በፈረንሳይ ጦር ሜዳ በ1674 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል። የፋብሪካው ከተገኘ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ግን መቀነቱ ይሠራል፤ ልምምድ ካለዎት ማለት ነው።

ጠፍር፣ ሲባጎ፣ ሽቦና የስልክ ቻርጀር ገመድ ለዚህ አይሆኑም። ቀጭን ነገር ሥጋን ይቆርጣል፣ ነርቭን ይጎዳል፣ በውስጥ ያለውን ትልቅ ደም ቅዳ ግን አይዘጋም።

ደም ሲፈስ

መጀመሪያ መጋዙን ያጥፉ፤ ያጋደለ ዛፍ ካለ ከሥሩ ይውጡ። ሁለተኛ ሰው እንዳይጎዳ ማለት ነው። ከዚያ ልብሱን ቀደው ቁስሉን ይዩ። ሱሪ ብዙ ደም ይመጣል፤ ላዩን ብቻ ዓይተው «ጥቂት ነው» አይበሉ።

ደሙ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ጎዝ ወይም ነጠላ ደራርበው በቁስሉ ላይ በሁለት መዳፍ፣ ክንድዎን ቀጥ አድርገው፣ በክብደትዎ ይጫኑ። እጅዎን እያነሱ «ቆመ ወይ?» ብለው አይዩ። የጀመረው ርጋታ በእያንዳንዱ ማየት ይፈርሳል። ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይነሱ ይጫኑ። ጨርቁ በደም ከራሰ ሌላ ከላይ ይጨምሩና አጥብቀው ይጫኑ። ሲቆም በፋሻ ጠበቅ አድርገው ያስሩ።

ቁስሉ ጥልቅና ሰፊ ከሆነ ጨርቁን ከላይ መደርደር አይበቃም። በጣትዎ ደሙ ወደሚመነጭበት ጥልቀት ጎዙን እያስገቡ ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ያጭቁት፤ ከዚያ ይጫኑ። ሰውዬው ይጮሃል። ይጩህ፤ እርስዎ አይልቀቁ።

ደሙ እየተረጨ ወይም እንደ ቧንቧ እየፈሰሰ ከሆነ፣ ወይም እጁ ወይም እግሩ ከተቆረጠ፣ በቀጥታ ወደ ማሰሪያው ይሂዱ። ከቁስሉ በላይ፣ በቁስሉና በልብ መካከል፣ ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ርቀው ይሰሩት። ጉልበት ወይም ክርን ላይ አይታሰርም፤ ቦታው መገጣጠሚያ ላይ ከዋለ ከመገጣጠሚያው በላይ ያድርጉት። ሁለት ጊዜ ጠምጥመው አንድ ጊዜ ይቋጥሩ፤ በቋጠሮው ላይ እንጨቱን ያስቀምጡና እንደገና ከላዩ ይቋጥሩ። አሁን እንጨቱን ያጠማዝዙ። የሚቆመው እርስዎ ሲደክምዎ ወይም ሰውዬው ሲለምንዎ ሳይሆን ደሙ ሲቆም ነው። ከዚያ እንጨቱ እንዳይፈታ ጫፉን በትርፍ ጨርቅ ከእግሩ ጋር ያስሩት። ላላ ብሎ የታሰረ ከጭራሹ ካልታሰረ ሊብስ ይችላል፤ ደም መልሱን ዘግቶ ደም ቅዳውን ክፍት ይተዋልና።

የታሰረበትን ሰዓት በግንባሩ ወይም በክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። «ጠዋት 3፡40» ብለው፣ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ እንዲታወቅ፣ በግልጽ ይጻፉት። የጤና ባለሙያው ሰዓቱን በውጭ አቆጣጠር አንብቦ እንዳይሳሳት ነው። እስከ 2 ሰዓት ድረስ የታሰረ እግር በአብዛኛው አይጎዳም። «እግሩ ይበሰብሳል» ብለው በመንገድ ላይ የሚፈቱ ሰዎች አሉ፤ ሲፈታ የቀረው ደም ይሄዳል። አንዴ የታሰረ የሚፈታው በጤና ተቋም ብቻ ነው።

አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ማሰሪያ አይሠራም። እነዚህን አጭቆ መጫን ብቻ ነው፤ በቃሬዛ ላይ እያለም አንድ ሰው ጎን ለጎን እየሄደ መጫን አለበት። በአንገት ላይ ሲሆን የሚጫኑት የሚደማውን ጎን ብቻ ይሁን፤ ዙሪያውን ከጠመጠሙት ትንፋሹን ይዘጋሉ። የደረትና የሆድ ቁስል ውስጥ ደግሞ ጨርቅ አይጨቅም፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይሩጡ።

ብቻዎን ከሆኑ መጀመሪያ ይሰሩ፣ ከዚያ ይጩሁ። በልምምድ ጊዜ በአንድ እጅ ማሰርን የምንጨምረው ለዚህ ነው።

ቡና፣ አመድ፣ ነጭ ጋዝ

በአካባቢያችን ቁስል ላይ የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ አፈር ወይም የተጨመቀ ቅጠል ማድረግ አለ። የቡናው ነገር በተለይ ይታመናል፤ ደሙን ያጠቁረዋልና የቆመ ያስመስለዋል። ትንሽ ጭረት በራሱ ጊዜ ስለሚቆም ቡናው አቆመው ይባላል። ትልቅ ደም ቅዳ ላይ ግን ቡናው በደሙ ታጥቦ ይሄዳል፤ ያጠፋነው ደቂቃም አብሮ ይሄዳል። አፈርና አመድ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ (ቴታነስ) ሊያስገቡ ይችላሉ። አረቄም ውኃም አይስጡ፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ሊያደርግ ይችላልና። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይበቃል።

ፊቱ ከገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ከተጠማ፣ ከተቅበዘበዘ ወይም ንግግሩ ከተዛባ ብዙ ደም አጥቷል። ያስተኙት፣ ከላይም ከታችም ጋቢ ያልብሱት። ብርድ የደምን መርጋት ያዳክማል፤ በጉና ነፋስ ደግሞ የቆሰለ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። ጣት ተቆርጦ ከወደቀ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በፌስታል ይዘውት ይሂዱ።

መቁረጥ ከመጀመራችሁ በፊት

ጠዋት፣ መጥረቢያ ከመነሳቱ በፊት፣ ሦስት ነገር ይነጋገሩ። ማን ምን ይዟል? ቃሬዛው የት ነው? ኔትወርክ ያለው ቦታ የቱ ነው፣ ማንስ ሮጦ ይደውላል? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን፣ የጤና ጣቢያውንና የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ በወረቀት ጽፈው በከረጢቱ ውስጥ ያኑሩ፤ ባትሪ ያለቀበት ስልክ ቁጥር አያስታውስም። ቀን ሠራተኛ ያሰማራ ነጋዴም ሆነ ባለ ዛፍ ከረጢቱን ማቅረብ አለበት ብለን እናምናለን፤ የአንድ ግንድ ዋጋ እንኳ አይፈጅም። ካላቀረበ ግን የራስዎን ይያዙ።

በማሰልጠኛ ማዕከሉ ሁለት ሁለት ሆነን እንለማመዳለን። በጓደኛዎ ጭን ላይ አስረው፣ እንጨቱን አዙረው እስኪጨርሱ ከ1 ደቂቃ በታች ይፈጅብዎ። በልምምድ ላይ ጠበቅ ሲል ወዲያው ይፈቱት። ሚስትዎንና ለአቅመ ሥራ የደረሱ ልጆችዎን ይዘው ይምጡ፤ ጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ አጠገብዎ የሚኖሩት እነርሱ ናቸውና።

ከጉዳት በኋላ የቴታነስ መከላከያ በጤና ጣቢያ ይጠይቁ፤ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም። የተጠቀሙበትን ጎዝና ፋሻ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይተኩ። ከረጢቱን በየሦስት ወሩ ከፍተው ይዩ፤ አይጥ ነጠላውን በልታው፣ ልጆች እስክሪብቶውን ለትምህርት ቤት ወስደውት ሊሆን ይችላል።