ሞያሌ በመኪና አትታይም

ሞያሌ የሚደርስ ሰው አብዛኛው አላፊ ነው። ከአዲስ አበባም ይምጣ ከናይሮቢ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ወገቡ ተቆርጦ፣ ፓስፖርቱን አስመትቶ የሚቀጥለውን አውቶቡስ ይጠይቃል። በኬንያው ሞያሌ ሱቅ ነግደው ልጆች ያሳደጉትን አዛውንት ይህ ነገር ያንገበግባቸዋል። ወላጆቻቸው ከቡርጂ የተሰደዱ ናቸው፤ እሳቸው አማርኛውንም ቦረንኛውንም ስዋሂሊውንም ያቀላጥፋሉ። ከሐዋሳ ሊጠይቃቸው የመጣው የእህታቸው የልጅ ልጅ «አባባ፣ እዚህ አገር የሚታይ ምን አለ?» ቢላቸው፣ ጥያቄውን ሲጠብቁት የኖሩ ይመስል ከዘራቸውን ብድግ አደረጉ።

«ጫማህን እሰር። ሞያሌ በመኪና አትታይም።»

የመጀመሪያው ማረፊያ ሻይ ቤት ነው። ውኃው፣ ወተቱ፣ ቅጠሉና ስኳሩ በአንድ ድስት አብረው የሚፈሉበት የኬንያ ሻይ፤ ከጎኑ ከመጥበሻ የወረደ ቻፓቲ። ደጃፉ ላይ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የግመል ወተት ይሸጣሉ። ልጁ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ፤ ጭስ ጭስ አለው።

«ዕቃው በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን ነው» አሉት። «ወተቱን ያቆየዋል። ሰው ቤት ብትገባ ደግሞ ቡና ቀላ ያቀርቡልሃል። ፍሬው ከነገለባው ጫፉ በጥርስ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል። የሚበላ ቡና ነው፤ ሐዋሳ ካፌ ቁጭ ብለህ አታገኘውም።»

«ይሄ ሁሉ የኬንያ ነው የኢትዮጵያ?»

አዛውንቱ የፈለጉት ይህን ነበር። ልጁ ባይጠይቅ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሱት ነበር።

«መስመሩን ማን አሰመረው? በ1895 ዓ.ም. በተር የሚባል እንግሊዛዊ የመራው ጓድ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ሞድ የሚባል መሐንዲስ መኮንን አብሮት ነበር፤ አገሩን እየዞረ የለካው እሱ ነው። ከዚያ ዛፊሮ የሚሉት ለእንግሊዝ ያደረ ግሪክ መጥቶ እዚሁ ሞያሌ ምሽግ ሠራ፤ ፎርት ሃሪንግተን አለው፣ አዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ስም። ውሉ የተፈረመው ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንጅ 1907 ይለዋል። ሰው ይሄን ሲሰማ ‹ያን ጊዜ ተለያየን› ይላል። ውሸት! ውሉን ማን አንብቦት? አንቀጽ 3 ምን ይላል? ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ጎሳ እንደ ቀድሞው በሌላው ወገን ሣር ያሰማራል፤ በሄደበት ግን ለዚያ አገር ሹም ይታዘዛል። ቅርብ ወዳለው ጉድጓድም የሚከለክለው የለም። ተፈርሟል! ቦረና ዘጠኝ የቱላ ጉድጓዶች አሉት፤ ማዶ ናቸው። ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃ ያወጣሉ። ወዲህ ያለ ከብት ያን ውኃ ካላገኘ በምን ይኖራል? ሞድ በካርታው ጉድጓዱን ከከብቱ ቢለየው፣ አንቀጽ 3 መልሶ አገናኘው። ትምህርት ቤት ግን መስመሩን ያስተምራሉ፣ አንቀጹን ይዘላሉ!»

በዚህ መካከል የልጁ ሻይ ስልባቦት ይዟል። አስተናጋጁ መጥቶ ብርጭቆ አንሥቷል፣ ከጎናቸው የነበሩ ሦስት ሰዎች ከፍለው ወጥተዋል። አዛውንቱ ግን ወደ ጉድጓዶቹ ተመልሰው ሌላ ዙር ወርደዋል።

«አባባ» አለ ልጁ በመጨረሻ፣ «ውሉ የሚያወራው ስለ ግጦሽና ስለ ጉድጓድ ነው። እኛ እኮ ማዶ የምንሻገረው ቡና ልንጠጣ ነው።»

«ቡና በምን ይፈላል?»

እዚህ ላይ ለአንባቢ መነገር ያለበት አለ። በሰኔ 1962 ዓ.ም. ኬንያና ኢትዮጵያ ሞምባሳ ላይ ራሱን የቻለ የድንበር ውል ተፈራርመዋል። አዛውንቱ ይህን ውል አያነሱትም። ለእሳቸው ውል ማለት የ1900ው ነው፣ ከእሱም አንዷ አንቀጽ።

ሌላው ታሪክ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ወደ ኬላው ሲያዘግሙ ልጁ «ጣልያን እዚህ ተዋግቷል ይባላል» ቢል፣ «ሐምሌ 1932 ጣልያን ከበበው፣ እንግሊዝ ሌሊት ሾልኮ ወጣ፣ የካቲት 1933 ተመለሰ፤ ከዚያ የኬንያ ነጻነት፣ የሽፍታ ጦርነት፣ አስቸኳይ ጊዜ፣ ሁሉም አለፈ» ብለው ሃምሳ ዓመት ግድም በአንድ ትንፋሽ ዘጉት። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰሜን ኬንያ እንደ ዝግ ወረዳ በይለፍ ወረቀት የምትገባበት ዘመንም ሳይጠራ ቀርቷል። ዛሬ እንኳ ከዚህ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው «ኬንያ ልሄድ ነው» ሲል መሰማቱ ከዚያ የወጣ ነው።

ኬላው ጋ ሲደርሱ ከዘራቸውን አጋድመው ልጁን አስቆሙት።

«መኪኖቹን ብቻ እያቸው።»

ከኢትዮጵያ የመጣ የጭነት መኪና በቀኝ ጠርዝ ደርሶ፣ ቀስ ብሎ መንገዱን ሰያፍ ቆርጦ፣ በግራ ጠርዝ ቀጠለ። ከወዲህ የሄደውም ሚኒባስ ያንኑ ወደ ቀኝ አደረገው።

«ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበረች፣ በኋላ ዞረች። እዚህ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ሁለቱንም ወገን አይቶ ደግሞ ማየት አለበት። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይሄን ያውቃል? ተኝቶ ነው የሚያልፈው።»

«ስልኬ ላይ ሰዓቱን ልቀይር?»

«ምን ብለህ! የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ነው። ቢሮ ብትገባ በፈረንጅ ይቆጥሩልሃል እንጂ፣ በስዋሂሊ ከሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያው ሦስት ሰዓት ነው፤ እንደኛው ከንጋት ይጀምራል። ዓመቱ ነው የሚለየው። እኔ ማዶ በተሻገርኩ ቁጥር ሰባት ስምንት ዓመት ይቀነስልኛል።»

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ብሶታቸው ገቡ፣ ወደ አስፋልቱ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ ተጠናቅቆ አስፋልት የሆነው በ2009 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ቀድሞ ሰው በከብት ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሽፍታ ተፈርቶ በፖሊስ ታጅቦ፣ ቀናት ፈጅቶ ነበር የሚደርሰው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ የአንድ ማዕከል የድንበር አገልግሎቱን መርቀው ከፈቱ፤ ሁለቴ የሚፈተሸው ጭነት አንዴ ተፈትሾ ያልፋል። አዛውንቱ ይህን አይክዱም። ቅር የሚላቸው፣ ቀድሞ መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ወዶም ሳይወድም ያድር ነበር፤ ሲያድር ይራመዳል፣ ሲራመድ ይበላል፣ ይገዛል፣ ይተዋወቃል። አሁን ሽንት ቤት ጠይቆ ይሄዳል።

ኬላውን ተሻግረው በኢትዮጵያው ሞያሌ ሸዋ በር አካባቢ በእግር ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በመጋቢት 2010 እዚህ ወታደር ተኩሶ ሰው ሞተ። ሕዝቡ ወዴት ሸሸ? ወደኛ፣ በእግሩ። በ2006 ደግሞ እኛ ጋ ሲነድ ወደዚህ ሸሸን። ለዓመታት ቤታችን የበራው መብራት የመጣውም ከዚህ ነው።» በ2006 ማን ከማን እንደተጣላ አልተናገሩም። ልጁም አልጠየቀም፤ ያንን ጥያቄ አዛውንቱ አልፈለጉትም ነበር።

ቡናው ተጠጣ። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ልጁ፣ ቀኑን ሙሉ አዳማጭ የነበረው፣ ያልተዘጋጁበትን ጥያቄ አነሣ።

«አባባ፣ ስንመለስ ፖሊስ ቢያስቆመን አንቀጽ 3ን ነው የምናሳየው?»

አዛውንቱ የሸሚዛቸውን ደረት ኪስ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። የኬንያ መታወቂያቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያ አለ።

«አንተስ ፓስፖርትህን ይዘሃል?»

«ቤት ነው።»

«እንዴት ቤት ይሆናል! የሐዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካ እንሄዳለን እያሉ በዚህ መንገድ ነው የሚወርዱት፤ ፖሊሱ አንተንም ከነሱ ይቆጥርሃል። ለገበያ የሚሻገረውን የሰፈር ሰው ብዙ ጊዜ አይጠይቁትም፣ አንተ ግን የሰፈር ሰው አትመስልም። ከከተማው ወጥተህ ወደ ማርሳቢት ብትሄድማ በየኬላው ነው የሚያስወርዱህ። ከእጅህ እንዳይለይ!»

«አንቀጽ 3 ግን...»

«አንቀጽ 3 ላይ ‹ለሹሙ ይታዘዛል› የሚልም አለበት። ብዬሃለሁ እኮ።»