ለበጎ አድራጎት መሮጥ፦ አንቺ ለማን ትሮጫለሽ?

እህቴ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ላይ ታች ስትዪ ትውያለሽ። «በእረፍት ቀኔ ደግሞ ልሩጥ?» ብትዪ አይገርምም። ልዩነቱ ይሄኛውን የመረጥሽው አንቺ መሆንሽ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫ ታውቂዋለሽ። ቤይሩትም ከ2003 ጀምሮ ማራቶን አላት። በሁለቱም ለበጎ ሥራ የሚሮጡ አሉ።

ምክንያትሽን ያዢ
«ለማን ነው የምሮጠው?» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስልክሽ ላይ ጻፊ። ለታመመች እናትሽ፣ ለጓደኛሽ ወይም ለራስሽ ጤና ሊሆን ይችላል። ሩጫ ያልተከፈለ ደመወዝ አያስከፍልም፤ ግን ከሠራተኛነት ውጪም ሰው መሆንሽን ያስታውስሻል።

መብትሽን እወቂ
የኤምሬትስ፣ የኳታርና የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ይሰጥሻል። ሊባኖስ ከሆንሽ ውልሽን አንብቢ። ለአሠሪሽ ቀደም ብለሽ ንገሪ፤ ስትወጪ የመኖሪያ ፈቃድሽን ያዢ።

ከገንዘብ ተጠንቀቂ
ኤምሬትስ ውስጥ ያለ ፈቃድ እርዳታ መሰብሰብ ያስቀጣል፤ በዋትሳፕ ግሩፕ ቢሆንም። የምትሰጪ ከሆነ በሕጋዊው አዘጋጅ በኩል ብቻ ስጪ። ወደ ቤት ከምትልኪው ላይ አትቀንሺ፤ መሮጥሽ ራሱ ይበቃል።

ቀስ ብለሽ ጀምሪ
1 ደቂቃ ሩጪ፣ 2 ደቂቃ ተራመጂ፤ ለ20 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ቀን። ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከጠለቀች በኋላ ይሁን። መውጣት ካልተቻለ ደረጃ መውጣትና መውረድም ልምምድ ነው። ካዞረሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ወዲያው አቁሚ፤ ሕክምና ጠይቂ።

ለውይይት፦ የአንቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይላል?