የነፍሰ ጡሮች ትምህርት ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ከእምድብር ወጣ ያለ ቀበሌ እኖራለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለነፍሰ ጡሮች ትምህርት ጠርታኛለች። አማቴ «ምጥ ትምህርት አይፈልግም» ይላሉ። ልሂድ?

መልስ፦ ይሂዱ፤ አማትዎንም ይዘው ይሂዱ። ትልቁ ጥቅሙ ከቤት መቼ እንደሚወጡ ማወቅ ነው። ደም ከታየዎት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ምጥ አይጠብቁ።

ቀድሞ መድረስ እንደሚጠቅም የሚጠቁም ጥናት አለ፤ በቸሃው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ከ24,000 በላይ ወሊዶች ተጠንተዋል። በእናቶች ማቆያ (ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ በሆስፒታሉ አጠገብ በሚቆዩበት ቤት) ሰንብተው ከወለዱት ዘንድ ሞተው የተወለዱት ከ1,000 ሕፃናት 18 ገደማ ነበሩ፤ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ ግን 191። ብዙዎቹ ከቤት ሳሉ ችግር ገጥሟቸው ዘግይተው የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው አልልም። የሚያስጨንቀኝ ግን ያ መዘግየት ነው። ቤትዎ ከመኪና መንገድ የራቀ ከሆነ ማቆያ መቼ እንደሚገቡ አዋላጇን በዚሁ ሳምንት ይጠይቁ።