ለርግብ ስለሚዘራ የሱፍ አበባ፤ መዝራት ከመበተን ስለሚለይበት ነገር

በማናቸውም አገር እህል የሚጠብቅ ሰው ርግብን ከእርሻው ለማባረር ይደክማል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግን፥ ይልቁንም በደቡቡ ክፍል፥ ርግብ እንድትመጣላቸው ብለው የሱፍ አበባ የሚዘሩ ባለ መሬቶች ብዙ ናቸው። ምክንያቱም አደን ነው። ነገሩ ሲሰሙት የጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ እርሻ የሚጻፍ ምክር እንዴት የሕግ መለኪያ እስከ መሆን እንደሚደርስ ስለሚያሳይ፥ አገር ለሚያስተዳድር፥ መሬት ለሚያሳርስና ወረዳ ለሚጠብቅ ሹም ማወቁ ይጠቅመዋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። የሱፍ አበባ የምንለው ራሱ ሰፊና ቢጫ የሆነው ተክል፥ እሾኻም ከሆነው ከአሮጌው ሱፍ የተለየ ነው። የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ እስጳንያ ተሻገረ፤ ከዚያም ሩሲያ ደርሶ የዘይት እህል ሆነ። አዳኞቹ አብልጠው የሚወዱት ዓይነትም ከሩሲያ የወጣው፥ ፍሬው ጥቁርና ደቃቅ፥ ዘይቱ ብዙ የሆነው ፔሬዶቪክ የሚባለው ነው። ወደ ትውልድ አገሩ በባዕድ ስም ተመለሰ ማለት ነው።

ዘሩን ከመዝራት በፊት የወፊቱን ጠባይ መመርመር ይገባል። ስለ ድምፅዋ ሐዘንተኛ ርግብ የሚሏት ይህች ወፍ ምግብዋ ሁሉ ዘር ነው ማለት ይቻላል። እግርዋ ደካማ ስለ ሆነ እንደ ዶሮ መሬት ጭራ አትበላም፤ በአበባው ራስ ላይ ተንጠልጥላ መልቀምም ብዙ አይሆንላትም። የምትለቅመው በጸዳ መሬት ላይ ወድቆ የሚታያትን ፍሬ ነው። ስለዚህ አበባው የቱንም ያህል ቢያፈራ፥ ሥሩን አረም የዋጠው እርሻ ለርግብ ባዶ ቤት ነው። በአጠገቡ ውኃ፥ የምትውጠው ደቃቅ ጠጠርና የምታርፍበት ደረቅ ዛፍ ቢኖር እጅግ ይስማማታል።

አዘራሩ እንዲህ ነው። መሬቱ ታርሶ ከለሰለሰ በኋላ፥ በሚያዝያ ወይም በግንቦት፥ በረድፍና በረድፍ መካከል ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ዘሩ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይቀበራል። 100 ቀን በሚያህል ጊዜም ይደርሳል። ዘሩን እንዲሁ በእጅ መዝራት ይቀላል፤ ነገር ግን በረድፍ ያልተዘራውን ማረም አስቸጋሪ ነው፥ የዚህም እርሻ ዋናው ድካም አረሙ ነው። ትንሽ ቁራጭ መሬትም አይመከርም፤ አጋዘን ለጋውን ቡቃያ በሌሊት ግጦ ይጨርሰዋልና። የአበባው ጀርባ ቢጫ ሆኖ ወደ ቡናማ ሲለወጥና ፍሬው ሲደርቅ፥ አደኑ ሊከፈት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጥቂቱን ረድፍ ያጭዳሉ፤ ቀሪውንም በየጊዜው ይጨምራሉ። እንዲህ ሲሆን ፍሬው በአንድ ጊዜ አያልቅም።

እንግዲህ የሕጉ ነገር ከዚህ ይጀምራል። ወቅትን ተከትለው ከአገር ወደ አገር ስለሚሄዱ ወፎች በ1916 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር፥ ስለ ካናዳ፥ ውል ተደረገ፤ በ1918 ዓ.ም.ም ሕግ ወጣ። የርግብ አደን ከሴፕቴምበር 1 ቀን በፊት አይከፈትም። በቦታው ላይ የበቀለውን የሱፍ አበባ አጭዶ ፍሬውን እዚያው ጥሎ ርግብ ማደን የተፈቀደ ነው። ከጎተራ አንድ ከረጢት ፍሬ አምጥቶ በዚያው እርሻ ላይ በትኖ ማደን ግን ወንጀል ነው፤ ፍሬው ተለቅሞ ካለቀም በኋላ ቦታው እስከ 10 ቀን ድረስ እንደ ተከለከለ ይቆጠራል። ለርግብ የተፈቀደው ያልተሰበሰበ እህል አጨዳም ለዳክዬ አደን አይሠራም፤ ስለ ወፊቱ ዓይነት ሳይጠይቅ እርሻውን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሹም ይሳሳታል።

ይህን ያህል ጥብቅ የሆኑት በከንቱ አይደለም። በዚያው አገር ተሰዳጅ ርግብ የምትባል፥ ስትበርር ሰማይ የምትሸፍን፥ ቁጥርዋ በቢሊዮን የሚገመት ወፍ ነበረች። ለገበያ የሚይዟት ሰዎች እህል በትነው፥ ዓይንዋ የተሰፋ ርግብ ለማባበያ አስረው፥ በመረብ ይጥሏት ነበር። በ1878 ዓ.ም. በሚሺጋን፥ በፔቶስኪ አጠገብ፥ ከጎጆዋ ላይ እጅግ ብዙ ተገደለች። የመጨረሻይቱም ማርታ የተባለችው በሲንሲናቲ የአራዊት ማኖሪያ በ1914 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 1 ቀን ሞተች፤ ቀኑ ዛሬ አደን በሚከፈትበት ቀን መግጠሙ እንዲሁ የሆነ ነገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን የሚከተለው ነው። አንዳንድ ሰው ስንዴ በመሬት ፊት ላይ አብዝቶ አፍስሶ፥ «እኔ ዘራሁ እንጂ አልበተንሁም» ይላል። ሕጉም ለዚህ የሰጠው መልስ፥ ዘር ተዘራ የሚባለው የየግዛቱ የእርሻ አስተማሪዎች በሚሰጡት የታወቀ ምክር መሠረት ሲዘራ ነው የሚል ነው። እንግዲህ የዘሩ ጊዜ፥ መጠንና ጥልቀት የተጻፈበት ቅጠል ወረቀት ለገበሬው ምክር፥ ለዳኛው ሚዛን ይሆናል። ምክሩ «በቂ ዘር ይዘራ» ብሎ ቢያልፍ ዳኛው የሚይዘው ነገር አያገኝም። ለወረዳ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ቁጥር በሚሞላበት ቦታ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ዘዴው ለመግደል ብቻ አይደለም። በአውሮጳ የምትራባዋ ዋኖስ፥ ብርዱን ሽሽት እስከ ኢትዮጵያ ድረስ የምትመጣው፥ በእንግሊዝ አገር ከ1970ዎቹ ወዲህ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም። አንዱ ምክንያት የምትለቅመው የአረም ዘር ከእርሻ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ገበሬዎች ለርስዋ የሚሆን ዘር በስሱ እንዲዘሩና በመካከሉ ጸዳ ያለ መሬት እንዲተዉ ይረዳሉ። የመሬቱ አጠባበቅ ያው ነው፤ ጠመንጃው ብቻ የለም።

የሱፍ አበባን ለዘይት ብሎ የሚዘራ ባለ መሬት ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ይያዘው። የደረሰውን ሳይዘገይ ይሰብስብ፤ የወደቀ ፍሬ በጸዳ መሬት ላይ ተበትኖ ከቆየ ርግብን የጠራት ራሱ ነው፥ ጠባቂ ልጅ ከማማ ላይ ወንጭፍ ቢያጮኽም ተመልሳ ትመጣለች።

አደን የተደረገበት እርሻ ሲያበቃ ይታረስ። ርግብ የረሽ እርሳስን ከጠጠር ጋር ለቅማ ስትውጥ ትመረዛለች፤ ማረሻው ግን እርሳሱን ወደ ታች ያወርደዋል። በዚያው መሬት ላይ የሱፍ አበባ እንደገና የሚዘራውም ቢያንስ ሦስት ዓመት ሌላ እህል ከተፈራረቀበት በኋላ ነው፤ አለዚያ አገዳውን የሚያበሰብሰው ሻጋታ ከአፈሩ ውስጥ ይጠብቀዋል።